የፈራው ማን ነበር

የቤዝቦል ካርዱ ፎቶ ነገር ሌስተር ዱዴክን አላሳሰበውም። ስሙ የእሱ ነው፤ ፊቱ የቨርነን ሃክል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እንደዚያው ስለነበር ለምዶታል። ዓይኑ የቆመው ካርዱ ተገልብጦ ከጀርባው የተጻፈውን ሲያይ ነው።

«ያውቁ ኖሯል?» ይላል። «ገና አዲስ ተጫዋቾች ሳሉ፣ ቀልደኛው ቨርነን ሃክል በፍርሃት የሚንቀጠቀጠውን ኳስ ወርዋሪ ሌስተር ዱዴክን አግባብቶ ማልያ አለዋወጠው። ፎቶ አንሺውም ሳያውቅ ሁለቱንም አነሳቸው።» ከጽሑፉ ጎን ጉልበቱ እንደ ቄጠማ የሚወዛወዝ ቀጭን ሰው በካርቱን ተሥሏል።

ገና ያልታተመ ናሙና ነው። ክለቡ በኢሜይል ልኮት፣ ሚስቱ ዶሎረስ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ በወረቀት አውጥታለት ነበር። ሌስተር አነበበው። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና እንደገና አነበበው።

«ምን ይላል?» አለች ዶሎረስ ከምድጃው ሳትዞር። ጎመንና ቋሊማ እየቀቀለች ነበር።

«ፈርቶ ነበር ይላል።»

«ማን?»

«እኔ።»

«ይሄ አዲስ ነገር ሆኖ ነው? ቨርነን በቴሌቪዥን ስንት ጊዜ አውርቶታል።»

«በቴሌቪዥን የተወራ ያልፋል። ይሄ ሊታተም ነው።»

ዶሎረስ ዞር ብላ አየችው። ሌስተር ዱዴክ በመስታወት ፋብሪካ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ጎረቤት መሰላሉን ተውሶ ሰብሮ ቢመልስለት «ቀድሞም ላላ ብሎ ነበር» የሚል ሰው ነው። ስለ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ሲናገር እምብዛም አይሰማም።

የፖርት ዌስሊ ሰው አናጢዎቹን ይወዳል። የከተማው የቤዝቦል ክለብ ስሙ አናጢዎቹ ነው። ከጨዋታውም እኩል የተጫዋቾቹን ጥቃቅን ወሬ ይወዳል። በየዙሩ መሐል በስታዲየሙ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ይወጣል፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ ይመልሳል። የሜዳውን ነጭ መስመር መርገጥ ገደ ቢስ ነው ብሎ ስለሚያምን፣ በሠርጉ ቀን እንኳ የቤተ ክርስቲያኑን ምንጣፍ ጠርዝ ዘሎ ያለፈው ማነው? ከጨዋታ በፊት ልብሱን እንደለበሰ ባዶ ገንዳ ውስጥ የሚተኛው ማነው? ከነዚህ ሁሉ ግን እንደ ማልያው ቀልድ የሚወደድ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ የተጫዋቾች ፎቶ በካርድ ይታተማል፤ ልጆች ይሰበስቡታል፣ ይለዋወጡታል፤ አንዳንዶቹ አርጅተውም አይተዉትም። ክለቡ ዋንጫ በበላበት ዓመት የወጣው የሌስተር ካርድ የቨርነንን ፊት ይዞ፣ የቨርነንም የሌስተርን ፊት ይዞ ታተመ። በጋው ሳይጋመስ ቨርነን ኳሷን ከአጥር ውጪ እየላከ ስሙ ስለገነነ፣ ካርድ አታሚው የእሱን በአስቸኳይ አርሞ ዳግመኛ አወጣ። ሌስተር ያን ጊዜ ክንዱ ታሞ ወደ ታችኛው ሊግ ተመልሷል። ለሄደ ሰው ማን ካርድ ያርማል? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ የሌስተር ብቸኛ ካርድ የሌላ ሰው ፊት እንደያዘ ቀረ። የእሱ ፊት ያለበት፣ የቨርነን ስም የተጻፈበት የመጀመሪያው እትም ደግሞ ስለማይገኝ፣ ዛሬ በስታዲየሙ መግቢያ ላይ በመስታወት ሣጥን ተቆልፎ ይታያል።

ቨርነን ረጅም ዘመን ተጫወተ። ከተወም በኋላ የሬዲዮ ጨዋታ አስተላላፊ፣ የእራት ግብዣ ተናጋሪ ሆነ። ንግግሩን ሁልጊዜ የሚዘጋው በዚህ ቀልድ ነው። በእሱ አወራር ሌስተር ጉልበቱ ይብረከረካል፣ «እማዬ ከሰማች ትገድለኛለች» ይላል፣ ቁልፉን መፍታት አቅቶት ቨርነን ይፈታለታል። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው ሃምሳ ዓመት አድሮ ጭራሽ ደፈረሰ። ፋብሪካው ውስጥ ሌስተርን «ብርክ» ብለው ይጠሩት ነበር። የልጁ ሠርግ ላይ የሙሽራይቱ አባት ብርጭቆ አንስቶ ያወራው ይህንኑ ነው። ሌስተር ፈገግ አለ። ማረም ሲገባው ፈገግ የሚል ሰው ነው።

«ቀልዱ እኮ የኔ ነበር» አለ አሁን ወደ ወረቀቱ እያየ።

«የቱ ቀልድ?»

«ማልያውን እንለዋወጥ ያልኩት እኔ ነኝ። የፈራው ቨርነን ነው።»

ዶሎረስ ምድጃውን አጠፋችና መጥታ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ማንኪያው እጇ ላይ ነበር።

«ካንተ ጋር ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሬ አንድ ቀልድ ከአፍህ ሲወጣ አልሰማሁም። ዛሬ ነው ቀልደኛ የሆንከው?»

«አንዴ ብቻ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ስንጋባ አንቺም ሰምተሽው ነበር። ስትስቂ አየሁሽ።»

ዶሎረስ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ደውልላቸው» አለች በመጨረሻ።

ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ካርዶቹን የምታዘጋጀው ማርሊ የምትባል ወጣት ነበረች። ድምፅዋ ትሑት ነው፤ ሰው ሳታቋርጥ ታዳምጣለች።

«ገባኝ፣ ሚስተር ዱዴክ» አለች ሲጨርስ። «ግን ይሄን ወሬ ያገኘነው ከራሳቸው ከሚስተር ሃክል ነው። እሳቸው ያሉትን እርስዎ አይደለም ስላሉኝ ብቻ መለወጥ አልችልም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሌላ ያየ ሰው አለ?»

«የለም። ፎቶ አንሺውም አላየም። ቀልዱም እሱ ነው።»

ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋን ዋጠችው። «ማተሚያ ቤት የሚገባው ሰኞ ነው። ቅዳሜ ለዋንጫው ሃምሳኛ ዓመት በዓል ሁለታችሁም እዚህ ናችሁ። እሳቸው በአፋቸው ከነገሩኝ እዚያው አርመዋለሁ። ፎቶውስ? የራስዎ ፊት እንዲወጣ አይፈልጉም?»

«ፊቱ ይቆይ» አለ ሌስተር። «ለምደነዋል።»

ቅዳሜ ፀሐያማ ነበር። የዋንጫው ዓመት ተጫዋቾች ከሜዳው በታች ባለው ሰፊ ክፍል ተሰበሰቡ። በሕይወት ያሉት ብዙ አይደሉም፤ ያሉትም ጉልበታቸውን እያሹ፣ እርስ በርስ «አንተ ነህ ወይስ አባትህ?» እየተባባሉ ነበር። ቨርነን ሃክል የገባው መጨረሻ ላይ ነው። ግዙፍ ነው፤ የክለቡን ሰማያዊ ኮት ለብሷል። እያንዳንዱን ሰው ጀርባውን እየመታ መጣና ሌስተር ጋ ቆመ።

«ሌስተር ዱዴክ። አልሞትክም እንዴ?»

«አልሞትኩም።»

«ፊቴን ይዘህ ይሄን ሁሉ ዓመት ስትዞር ምነው አላማረብህ?»

«ፊትህ ያለው ካርዱ ላይ ነው።»

ቨርነን ወደ ዶሎረስ ዞረ። «ዛሬም እንደዚሁ ነው የሚያወራው? እንዴት ቻልሽው፣ እመቤቴ?»

«ዝም ሲል ሌላ ሥራ እሠራለሁ» አለች ዶሎረስ። «ቨርነን፣ ሌስ የሚልህ ነገር አለው። እኔ ሄጄ የሚበላ ላምጣ።» ለባሏ በዓይኗ ምልክት ሰጥታ ሄደች። ሌስተር እንድትቆይ ቢፈልግም አልጠራትም።

ወደ ጥግ ፈቀቅ አሉ። ግድግዳው ላይ የድሮ ማልያዎች ተሰቅለዋል።

«በል እንጂ» አለ ቨርነን።

«ካርዱን አየኸው?»

«አየሁት። ካርቱኑ ግሩም ነው። ጉልበትህን አየኸው?»

«እኔ አልፈራሁም፣ ቨርነን። ማልያህን ስጠኝ ያልኩህም እኔ ነኝ። እንዲታረም ማርሊን ንገርልኝ።»

ቨርነን ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቆየ። ቀልድ መስሎት ቀሪውን እየጠበቀ ነበር። ቀሪ እንደሌለ ሲገባው ፈገግታው ቀስ እያለ ወረደ።

«ወንድሜ፣ ሃምሳ ዓመት እኮ ነው የማወራው። ያንተ ከነበረ የት ነበርክ?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«እኔንስ ማን ጠየቀኝ?»

ይሄ ልክ ነበር። ሌስተር ጫማውን አየ።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለ ቨርነን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ እኔ ስናገር ነው። ውሸታም አይደለሁም። ከራስ ጭንቅላት ጋር እንዴት ልጣላ? አንተ የሚታይህን ንገረኝ እስቲ።»

ሌስተር ነገረው። ወረፋው ከልምምድ ሜዳው መጋዘን ግድግዳ ጋር የተደረደረ ነበር። ከቨርነን ፊት የቆመው እሱ ነው። ፎቶ አንሺው ከካሜራው ቀና አይልም፤ የሚያየው ኮፍያ መስተካከሉን ነው። ረዳቱ ደግሞ ስም አይጠይቅም፤ ማልያው ላይ ያለውን ቁጥር ይመዘግባል። ሌስተር ይህን ሲያይ ማልያ የለወጠ ሰው ስሙንም እንደለወጠ ገባው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንዲህ ያለ ሐሳብ መጥቶለት አያውቅም። ዞሮ «ማልያህን ስጠኝ» አለ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንነሳለን ብሎ ነበር። ለቨርነን የሚቀጥለው ዓመት መጣ።

«እኔስ ምን አልኩ?» አለ ቨርነን።

«አሠልጣኙ ካወቀ ያባርረናል አልክ። ከዚያ ከመጋዘኑ ኋላ ሄደህ አስመለስክ።»

 ከላይ የሕዝቡ እግር የኮንክሪቱን ደረጃ ሲወጣ ይሰማል። አንድ ሰው በአጠገባቸው ሲያልፍ የቨርነንን ትከሻ ቸብ ቢያደርግም አልዞረም።

«በዋዜማው ማታ የበላሁት ዓሣ ነበር» አለ ቆይቶ። «ዓሣው ነው ብዬ ነበር ያኔ።»

«ዓሣው ነው ብለህ ነበር።»

«ለማን ተናገርከው?»

«ለማንም።»

«ለዶሎረስም?»

«ለሷም።»

ቨርነን በመዳፉ አገጩን አሻሸ። «እና ይሄን ካርድ ላይ ልታስጽፈው ነው።»

«ማስመለሱን አይደለም። የፈራሁት እኔ አለመሆኔን ብቻ።»

«ቀልድ እንዴት እንደሚሠራ አታውቅም እኮ፣ ሌስ። አንድ ሰው መፍራት አለበት። የሚፈራ ከሌለ የሚስቅ የለም። ከንግግሬ ያን ሰውዬ ባወጣው የሚቀረው ሁለት ልጆች ልብስ ቀየሩ ነው። ማን ይስቃል በዚህ?»

«ያ ሰውዬ እኮ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ሃምሳ ዓመት እኔ ፈራሁ። ይበቃኛል።»

ቨርነን ሊመልስ አፉን ሲከፍት ማርሊ ወረቀት በእጇ ይዛ ብቅ አለች። ሰዓቱ ደርሷል፤ ወደ ሜዳ ይውጡ አለቻቸው። ቨርነንን በጥያቄ አየችው። ቨርነን ግን ኮቱን ቆልፎ ቀድሟት ወጣ። ሌስተር ከኋላ ተከተለ። ዶሎረስ በሩ ላይ ቋሊማ የገባበት ዳቦ ይዛ ቆማ ነበር።

«እሺ አለህ?»

«ምንም አላለኝም።»

«ቀጥ ብለህ ሂድ» አለችና የኮቱን ኮሌታ አስተካከለችለት።

ስታዲየሙ ሞልቷል። ሽማግሌዎቹ በየስማቸው እየተጠሩ በሣሩ ላይ ተሰለፉ። ሌስተር ሲጠራ ትልቁ ሰሌዳ ላይ የቨርነን የወጣትነት ፊት ወጣ፤ ሕዝቡም ስለሚያውቀው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ሌስተር እጁን አነሳ። ከሜዳው መሐል ሆኖ ሲሰማው ሳቁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ እንደ ዝናብ ከሁሉም በኩል ነው።

ንግግሩ የቨርነን ነበር። ማይክራፎኑን ይዞ ስለ ዋንጫው ጥቂት አለ፤ የሞቱትን በስማቸው ጠራ። ከዚያ ድምፁን ለወጠ። የፖርት ዌስሊ ሰው ያን ድምፅ ስለሚያውቀው ከወዲሁ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«የፀደይ ልምምድ ነው» አለ ቨርነን። «ሁለት አዲስ ልጆች ወረፋ ላይ ቆመናል። ፎቶ አንሺው ሰውን ቀና ብሎ አያይም። ቢያይማ ኖሮ ሌስተርን አያነሳውም ነበር።»

ሳቅ።

ሌስተር እጆቹን ወደኋላ አጣምሮ ቆሟል። ፎቶ አንሺው ቀና አይልም የሚለው በቀድሞው አወራር ውስጥ አልነበረም፤ አሁን ታች ጥግ ላይ ከእሱ የሰማው ነው። ቀልዱ ይህንንም ውጦ ሊቀጥል ነው ብሎ አሰበ። ሰኞ ካርዱ ይታተማል። በጥልፍልፍ አጥሩ ኋላ ዶሎረስ ትታያለች፤ ዳቦውን አልበላችውም።

«አንደኛው» አለ ቨርነን፣ «ማልያህን ስጠኝ አለ። ሌላኛው ግን ጉልበቱ ከዳው። አሠልጣኙ ያባርረናል አለ። እማዬ ትገድለኛለች አለ። የገዛ ቁልፉን መፍታት አቃተው። ይሄን ታሪክ ስነግራችሁ ኖሬአለሁ፤ ማን እንደፈራም ታውቃላችሁ።»

ሕዝቡ «ሌስተር» ብሎ ጮኸ። ልጆች ሳይቀሩ ጮኹ።

ቨርነን እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ ሦስት አራት እርምጃ ተራምዶ ማይክራፎኑን ሌስተር እጅ ላይ አስቀመጠው።

«እስቲ ራሱ ይንገራችሁ» አለ። ማይክራፎኑ እሱ ዘንድ ስላልነበረ የሰማው ሌስተር ብቻ ነው።

ማይክራፎኑ ከጠበቀው በላይ ከባድ ነበር። ሕዝቡ ዝም አለ። ሌስተር ቨርነንን አየው። ቨርነን ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ መንጋጋውን ነክሶ፣ ከንፈሩ ዙሪያ ነጣ ብሎ ነበር። ሌስተር ያን ፊት ቀድሞ ያየው አንድ ጊዜ፣ መጋዘኑ ጋ ብቻ ነው። መጋዘኑን፣ ዓሣውን፣ ሁሉንም አሁን መናገር ይችላል፤ የሚከለክለው የለም። አፉን ከፈተ። ዝምታው ረዘመ፤ ከላይኛው ወንበር አንድ ሰው ሳለ።

«እሱ ነበር» አለ ሌስተር።

ለቅጽበት ምንም አልሆነም። ከዚያ ሳቁ መጣ። ቨርነን በሕይወቱ በዚህ ሜዳ እንዲህ ያለ ሳቅ ከሕዝብ አውጥቶ አያውቅም። ሰው እየተነሳ ሳቀ፣ ከጎኑ ያለውን በክርኑ እየነካ ሳቀ። ቨርነን ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌስተር ሌላ የሚጨምረው ስላልነበረው ማይክራፎኑን መለሰለት።

ማርሊ ወደ መተላለፊያው ሲገቡ አገኘቻቸው። እስክሪብቶ አውጥታለች።

«ሚስተር ሃክል፣ ካርዱ ላይ ምን ልጻፍ?»

«ያለውን ነዋ» አለ ቨርነን። «ቀልዱ የሱ፣ ፍርሃቱ የኔ። ካርቱኑንም ለውጡት፤ ሆዱ ገፋ ያለ ሰው ይሣል። ዛሬ ማታ ለሚስቴ ስልክ ደውዬ ማስረዳት አለብኝ።»

ማርሊ ጻፈች። «‹ሌስተር ዱዴክ፣ በፍርሃት የሚንቀጠቀጠውን ቨርነን ሃክልን አግባብቶ›...»

«አግባብቶ የሚለውን አውጪው» አለ ሌስተር። «አላግባባሁትም። ማልያህን ስጠኝ ነው ያልኩት። የሚንቀጠቀጠው የሚለውም አያስፈልግም። ፈርቶ ነበር በይ፤ ይበቃል።»

«እንዲህ ሲባል ግን እምብዛም አያስቅም፣ ሚስተር ዱዴክ።»

«ካርድ ነው። የግድ ማሳቅ የለበትም።»

ሰረዘች። ዶሎረስ ደርሳ የሌስተርን ክንድ ያዘች፤ ስታየውም አዲስ ሰው እንደሚያይ ሰው ነበር። ቨርነን ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን እየሰበሰበ ሌስተርን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ያ ያስጠበቅካቸው ነገር» አለ። «ከመናገርህ በፊት። እኔ እንደዚያ ማስጠበቅ ለመማር ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል። ማን አስተማረህ?»

«አላስጠበቅኋቸውም። ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነው።»

«ፈርተህ?»

«አዎ።»

ቨርነን ወደ ማርሊ ዞረ። እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ገና አላነሳችም ነበር።

«እሱን አትጻፊው፣ የኔ ልጅ» አላት።